ስስቴ ስላት

የካቲት 3

አዲሱ ጥርስ ገባ። የላይኛው በሙሉ፤ ነጭ፣ ድርድር ያለ። መስታወት ፊት ቆሜ ብቻዬን ሳቅሁ። ምላሴ ግን ገና ነው... አዲስ ቤት እንደገባ ሰው ግድግዳ ግድግዳውን ይነካካል። የጥርስ ሐኪሙ «ይለምዱታል» ብሎኛል። እንለምደዋለና።

ሥራ ቦታ ሁሉም አደነቁ። የስምሪት ኃላፊው «እትዬ፣ ልጅ ሆኑ እኮ» አለኝ። ማይኩን ይዤ የስድስት ሰዓቱን አውቶቡስ ስጠራ ሾፌሮቹ በሙሉ ወደ እኔ መስኮት ዞረው ፈገግ አሉ። በዚህ መናኸሪያ ዕድሜዬን ሙሉ ስጣራ ኖሬ እንዲህ ዞሮ ያየኝ የለም። ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

ማታ ስገባ ድመቴ እንደ ልማዷ በር ላይ አልጠበቀችኝም። «ስስቴ» ብላት ሶፋው ሥር ገባች። አርፍጄባት ነበር፤ አኩርፋ ይሆናል።

የካቲት 5

ነከሰችኝ። ስስቴ... እኔን።

ከሥራ ገብቼ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ «ስስቴ፣ የኔ ስስት፣ ነይ እስኪ» አልኳት። ጆሮዋን ወደ ኋላ ለጥ አደረገች። ፀጉሯ ቆመ። እጄን ስዘረጋ ዘላ ተንጠለጠለችበት። ጤና ጣቢያ ሄጄ አጠቡልኝ፣ መርፌም ወጉኝ። ነርሷ «የማን ድመት ናት?» ብትለኝ «የጎረቤት» አልኳት። ለምን ዋሸሁ? ስሟ እንዳይጠፋ ነው መሰለኝ።

የካቲት 6

ሌሊቱን እግሬ ሥር ተጠቅልላ ኩርር ኩርር ስትል አደረች። ታርቀናል ብዬ ነበር። ጠዋት ለባብሼ «ስስቴ፣ ደህና ዋይ» ስላት ቁርጭምጭሚቴን ያዘችው። ሌሊት ወዳጅ፣ ቀን ጠላት... ይሄ ምን የሚሉት ነው?

የካቲት 9

በቅርጫት አድርጌ የእንስሳት ሐኪም ጋ ወሰድኳት። አፏን ከፍቶ አየ፣ ሆዷን ዳበሰ፣ ጆሮዋ ውስጥ አበራ።

«ምንም የላትም። ቤት ውስጥ አዲስ ሰው ገብቷል?»

«ማንም።»

«አዲስ ዕቃ?»

«ኧረ ምንም። ያው ሶፋ፣ ያው አልጋ፣ ያው ስልክ።»

እኔ ስናገር እሷ ቅርጫቷ ውስጥ ታጉረመርማለች። ሰውዬው አንዴ እሷን አንዴ እኔን አየና «እንግዲህ እርስዎን ጠልታ ይሆናል» አለ። ይሄን ለመስማት ከፍዬ ወጣሁ። በእጄ ወተት እያጠባሁ ያሳደግኋት ድመት። በጣም ከፋኝ።

የካቲት 12

ማይኩን ቀየሩት። ያፏጫል ነው የሚሉት። እኔ ምንም ፉጨት አልሰማሁም። ቴክኒሻኑ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ብሎ ሲሞክረው ጥርት ያለ ነው፤ ለእኔ ሲሰጠኝ ፊቱን ቋጠረ። ቀጥሎ ድምፅ ማጉያውን እንቀይራለን ይላሉ። ዘንድሮ ምን ነካቸው? በፊት አምፖል ለማስቀየር እንኳ ስንት ደጅ እጠና ነበር።

የካቲት 15

ልጄ ደወለች። ልትወልድ ደርሳለች፤ ስትወልድ እኔ ጋ መጥታ ልትቆይ ነው። እንደዚያ ነበር የተባባልነው።

«እማ፣ ድመቷ እጅሽን ቦጫጨቀችው አሉ።»

«ማነው ያለሽ?»

«ማንም ይበለኝ። እውነት ነው ውሸት?»

የተነከሰ እጄን ነጠላዬ ሥር ደበቅሁ፤ በስልክ የምታየኝ ይመስል።

«ሕፃን ይዤ እሷ ያለችበት ቤት አልገባም። እወቂው።»

«ታዲያ የት ልትሄጂ?»

«አማቴ ጋ።»

አማቷ ጋ! የልጅ ልጄን አማቷ አጥበው፣ አማቷ አቅፈው፣ እኔ በስልክ እንዴት አደራችሁ ልል። ስልኩን ዘግቼ ቁጭ አልኩ። ስስቴ ወንበሩ ላይ ሆና አየችኝ። እኔም አየኋት። አልፈረድኩባትም፤ ግን ምን ላድርግ?

የካቲት 16

ቀኑን ሙሉ አልጠራኋትም። አልነከሰችኝም። ተኮራርፈን ዋልን።

የካቲት 20

ልጄ ወለደች። ሴት። ሁለቱም ደህና ናቸው። ማይኩን ሳልዘጋ አልቅሼ ተሳፋሪው ሁሉ ሰማኝ። ይስማ።

የሰፈራችንን ባለወፍጮ አነጋገርኩት። እሑድ መጥቶ ስስቴን ይወስዳታል። «አይጥ በሽ ነው፣ አትራብም» አለ። መቼ ስለ ረሃብ ጠየቅሁት? ማን ጭኑ ላይ ያስቀምጣታል ነው የኔ ጥያቄ።

የካቲት 24፣ እሑድ

እንባዬን በእጅጌዬ እየጠረግኩ ነው የምጽፈው። ከሐዘን አይደለም።

ጠዋት ሳህኗንና የምትተኛበትን ቁራጭ ብርድ ልብስ ጠቀለልኩ። ማን ያየኛል ብዬ ጥርሱን አላደረግኩትም፤ ብርጭቆው ውስጥ እንዳደረ ነው። ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ አነባሁ። «ስስቴ... ይቅር በይኝ» ልላት ስል በባዶ ድድ «ትትቴ» ሆኖ ወጣ። መጣች። እንደ ድሮዋ ጭኔ ላይ ወጥታ፣ አገጬን በግንባሯ ገፋ ገፋ አድርጋ ተኛች። ዛሬ? አሁን ልትሄጂ ስትይ?

በሩ ተንኳኳ። ባለወፍጮው። ድዴን ለሰው አላሳይም፤ ሮጬ ጥርሴን ሰካሁና ከፈትኩ።

«ይግቡ። ስስቴ ይቺ ናት» አልኩ።

አፌን ሳልገጥም እግሬ ላይ ነበረች። በጥፍርም በጥርስም። ሰውዬው በጆንያው መሃላችን ገብቶ ገላገለን።

«እትዬ፣ ጥፋቱ የእርስዎ ነው» አለ።

«የኔ?»

«ፍስስስ ብለውባት? ድመት ለጠብ ስትነሳ እንዲያ ነው የምትለው። እኔንም አስደነገጡኝ እኮ።»

«ማን? እኔ? ስሟን ነው የጠራሁት።»

«እስኪ ይድገሙት።»

«ስስቴ።»

ጠረጴዛው ሥር ሆና ጀርባዋን ነፋች። ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሴን ሰማሁት። ቀዳዳ ጎማ። ስስስስ... እያለ በጥርሴ መሃል የሚያመልጥ ንፋስ።

ሰውዬውን አስቀምጬ ሞከርኩ። «ነይ» አልኩ፤ ዝም። «ድመት» አልኩ፤ ጆሮዋ ቆመ። «ወተት፣ ወንበር፣ ማክሰኞ» አልኩ። ማክሰኞ ላይ ጭራዋን ወዘወዘች። ጥርሴን ወደ ግድግዳ ዞሬ አወለቅሁና «ትትቴ» አልኳት፤ እግሬን ታከከችው። መልሼ ሰክቼ «ስስቴ» አልኩ፤ ሶፋው ላይ ወጥታ ተፋችብኝ። ሰውዬው ሆዱን ይዞ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። እኔ በፍቅር እጠራታለሁ፣ እሷ ስድብ ትሰማለች። አሳዝናኝ ነበር፤ ለካ እሷም በእኔ ስታዝን ከርማለች።

ባለወፍጮው ጆንያውን አጣጥፎ ባዶ እጁን ሄደ።

የካቲት 25

የጥርስ ክሊኒኩ ቅርጫት ይዤ ስገባ ወረፋ ጠባቂው ሁሉ ተነሳ። ሐኪሙ «እማማ፣ ይሄ እኮ የሰው ክሊኒክ ነው» አለኝ።

«ታካሚዋ እኔ ነኝ። እሷ ምስክር ናት።»

ሳይወድ በግዱ አስቀመጠን። «እስኪ ስልሳ ስድስት ይበሉ።»

«ስልሳ ስድስት።»

ቅርጫቱ ተናወጠ። ሐኪሙ ወንበሩን ወደ ኋላ ሳበ። አፌን አይቶ «ከፊት ጥርሶቹ ጀርባ አየር ያመልጣል» አለ። ያኔ «ይለምዱታል» ያለኝ እሱ ራሱ ነው፤ ግን ዛሬ ላለመጣላት ምዬ ነው የወጣሁት። ሞረደው፣ ሰካው።

«ስልሳ ስድስት።»

ስስቴ በክዳኑ ስንጥቅ አየችን፤ ጆሮዋ እንደተለጠፈ ነው። «አይ፣ ገና ናት» አለ ሐኪሙ፤ እሱው። እንደገና ሞረደ። ከውስጥ በኩል ትንሽ ሞላ፣ እንደገና አሻሸ። የሌሎቹ በሽተኞች አንገት በበሩ ገባ። አንዲት ጉንጯ ያበጠ ሴት ሕመሟን ረስታ «ግራ ጆሮዋ ቀና ብሏል፣ ቀኙ ነው የቀረው» እያለች ታስተላልፋለች።

በመጨረሻ ስልሳ ስድስቱን ተውኩት። ክዳኑን ከፈትኩና ጎንበስ ብዬ «ስስቴ» አልኳት።

ሁለቱም ጆሮ ቆመ። «ሚያው» አለች።

ክሊኒኩ አጨበጨበ። ሐኪሙ ሞረዱን አስቀምጦ የሰው እጅ እንደሚጨብጥ ሁሉ መዳፏን ነካ አደረገ። ታቅፌያት በእግሬ ወደ ቤት ሄድኩ፤ መንገዱን ሁሉ ስስቴ፣ ስስቴ፣ ስስቴ እያልኩ። ሰው ምን ይል ይሆን? የፈለገውን ይበል።

የካቲት 26

የስድስት ሰዓቱን ስጠራ ማንም አልዞረም፣ ማንም ፈገግ አላለም። ሰዉ ዝም ብሎ አውቶቡሱን ያዘ። እንዴት ደስ እንዳለኝ።

የስምሪት ኃላፊውን ያዝኩት። «ማይኩ ምን ሆኖ ነበር የተቀየረው?»

አንገቱን አከከ። «ማይኩማ... ምንም አልሆነም ነበር።»

«ታዲያ ለምን አትነግሩኝም?»

«እትዬ፣ ማን ደፍሮ?»

ያን የሚያህል አውቶቡስ በገደል አፋፍ የሚነዳ ወንድ ሁሉ እኔን ፈርቶ ከሦስት ሳምንት በላይ በጨዋ ደንብ ሲዋሸኝ ከረመ። ፊት ለፊት የነገረችኝ ክንድ የማታህል ድመት ናት። እጄ ላይ ያለውን ጠባሳ አየሁትና ኮራሁበት።

ለልጄ ደውዬ አንድ በአንድ ነገርኳት። እስክታለቅስ ሳቀች። ግን የኔ ልጅ አይደለች? «እመጣለሁ። ካላየሁ ግን አላምንም። ሻንጣዬን በር ላይ ነው የማስቀምጠው» አለች።

መጋቢት 14

የመጡበትን አውቶቡስ የጠራሁት እኔ ነኝ። «ተሳፋሪዎቻችን፣ እንኳን በሰላም ደረሳችሁ» ብዬ አንድም ፊደል ሳላስመልጥ። ልጄ ሕፃኗን እንዳቀፈች ከታች ሆና ወደ መስኮቴ ቀና አለች። ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩት አላውቅም።

ቤት ገባን። ሻንጣው እንዳለችው በር ላይ ቀረ። ስስቴ ሶፋው ሥር ናት። ልጄ ጫማዋንም አላወለቀችም፤ ሕፃኗን ደረቷ ላይ አጥብቃ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ዓይኗ ወለሉ ላይ ነው። አማቷ ሁለቴ ደውለዋል።

የሕፃኗን ፎጣ ገለጥ አደረግኩ። አፍንጫዋ የኔ፣ አገጯ የኔ... የሌላ ሰው ምንም አላየሁባትም። ራሴን ረሳሁና ጎንበስ ብዬ «ስስቴ» አልኳት።

ልጄ ደርቃ ቀረች። እኔም ደነገጥኩ።

ድመቷ ወጣች። ጭራዋን ቀጥ አድርጋ፣ የተጠራችው እሷ መስሏት። እግሬን ዞረችው፣ ግንባሯን ቁርጭምጭሚቴ ላይ አሸችና እዚያው እግሬ ላይ ተኛች። ኩርር ኩርር።

ልጄ ለረጅም ጊዜ አየቻት። ከዚያ ጫማዋን አወለቀች።

«እማ፣ ያንን ሻንጣ አቀብይኝ።»

አማቷ እንግዲህ ይጠብቁ።