ወፍጮ ቤቱን የዘለለው ስልክ

ደብረ ታቦር
ኅዳር 4 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድም ጋሼ ሲሳይ ይርጋ፣

ጤናህን ልጠይቅ ነበር። ድረ ገጽህ ላይ ግን እጅህን አጣምረህ፣ ጥርስህን ገልጠህ ስትስቅ ስላየሁህ ጥያቄውን ተውኩት። ጤናህ ሞልቶ ተርፏል።

በወረቀት የጻፍኩልህ ወድጄ አይደለም። በቴሌግራም ስጽፍልህ የአውራ ጣት ምልክት ልከህ ታልፋለህ። ስደውልልህ «ሥልጠና ላይ ነኝ ሠርክዬ» ትላለህ። ወረቀት ላይ አውራ ጣት የለም። መንገዱ ሰላም ከሆነ ያገራችን ልጅ መልካሙ ሰኞ አዲስ አበባ ስለሚገባ በእጅህ ይሰጥሃል። እሱ ፊት እንዳታነበው፤ ፊትህ ሲለዋወጥ ማየት የለበትም።

ታውቃለህ፣ ከተመረቅሁ ጀምሮ የሥራ ማስታወቂያ ሰሌዳ ፊት መገተር አንገሽግሾኛል። ሰሌዳውን በቃሌ ይዤዋለሁ። ስለዚህ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ወድቀው ቤት የተቀመጡትን ልጆች ላማክር፣ አብሬያቸው ላቅድ፣ ከአልጋቸው ላስነሳቸው ብዬ ቆረጥኩ፤ አንተ «ኮቺንግ» የምትለውን ማለት ነው። ጓደኛዬ ቅድስት ላፕቶፗን አዋሰችኝና ድረ ገጹን ራሴ መሥራት ጀመርኩ። ፊት ለፊት «ፈተና ወደቃችሁ? ኑ፣ እንነጋገር» ብዬ ጻፍኩ። የሚሞላ ቅጽ አላስገባሁም፤ የኛ አገር ሰው ይደውላል እንጂ ቅጽ አይሞላም፤ ስለዚህ ስልኬን በትልቁ አስቀመጥኩ። ደስ ብሎኝ ነበር ጋሼ። ምሳ እረሳ ነበር።

«ስለ እኔ» የሚለው ገጽ ላይ ስደርስ ግን እጄ ተያዘ። ምን እላለሁ? አንተን ጠየቅሁህ። ያኔ መልስ ለመስጠት ፈጠንህ! «ቁስልሽን አሳዪ። ቁስል የሌለው አሠልጣኝ አይሸጥም» አልህና የራስህን ድረ ገጽ ላክህልኝ፤ «እንዲህ አድርጊው» ብለህ።

መልእክትህ የደረሰኝ ባለፈው ቅዳሜ ጋፋት፣ አባባ ቤት ሳለሁ ነው። ገብሱ ደርሷል፤ ሰንበት ስለሆነ ግን ማጭድ የሚያነሳ የለም። አባባ ደጁ ላይ ከጎረቤታችን ከደረጄ ጋር ተቀምጠው ነበር። «ሲሳይ የሠራውን ላከልኝ» ስላቸው ጋቢያቸውን አስተካከሉ፤ ቅዳሴ ሊገቡ እንጂ ስልክ ሊሰሙ አይመስሉም። «በይ፣ ጮክ አድርገሽ አንብቢው» አሉኝ።

ቀድሜ ሳላየው ጀመርኩት። ጥፋቴ ይኸ ብቻ ነው።

ስምህን አነበብኩ። «የስኬት አሠልጣኝ» የሚለውን አነበብኩ፤ ደረጄ «አቤት!» አለ። ከዚያ ዓይኔ ቀጣዩ መስመር ላይ ወደቀ፦ «አባቴን በልጅነቴ በሞት አጣሁ። እናቴ ብቻዋን፣ ጠላ እየሸጠች አሳደገችኝ።»

የሞተው ሰው ከፊቴ ተቀምጦ፣ አገጩን በከዘራው አስደግፎ ይጠብቀኛል!

ምላሴ ከእኔ ቀድሞ ሮጠ። «እናቴን በልጅነቴ በሞት አጣሁ» ብዬ ገለበጥኩት፤ እውነቱም እሱ ነውና። «አባቴ ብቻቸውን፣ ከሴቶች ጋር ወፍጮ ቤት ተሰልፈው፣ የእህቴን ጸጉር እየሠሩ አሳደጉን» ብዬ ቀጠልኩ። ደረጄ ሳቁን ለቀቀው። «ጸጉሯንስ አያንሱት! ትልሙ ሁሉ ጠማማ ነበር እኮ!» አባባ በጋቢያቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ። ቀጥሎ ሳቃቸው ወደ ሌላ ነገር ሲዞርባቸው አየሁ፤ ዓይናቸውን ጠረጉ።

«እንዲህ ብሎ ጻፈ?» አሉኝ።

«አዎ አባባ።»

«ኅዳር ሚካኤል ማኅበሩ እኛ ቤት ነው። ቄስ ዘውገ በደረጄ ስልክ ለማኅበርተኛው ያነቡታል። እስቲ ድገሚው።»

ደገምኩት። ግን የፈጠሩትን መድገም እንዲህ ቀላል መሰለህ? አባባ ደግሞ በልጅነታቸው ቆሎ ተማሪ ነበሩ፤ ዳዊትን በቃላቸው የያዙ ሰው ናቸው። ስጨርስ፣

«ወፍጮ ቤቱስ?» አሉኝ።

«እ?»

«ቅድም ወፍጮ ቤት ነበረበት።»

«ስልኩ ዘለለው አባባ።»

«ስልክም እንደ ሰነፍ ተማሪ ይዘላል?»

ደረጄ ሳቀ። አባባ አልሳቁም። «በሬዎቹን ልያቸው» ብለው ተነሱ። በሬዎቹ እፊታችን ነበሩ።

ወደ ከተማ ስመለስ ቅድስት ድረ ገጽህን አይታው ኖሮ ደጅ ላይ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። «ውይ ሠርክዬ! ጋሽ ይርጋ መቼ ነው ያረፉት? ከትናንት ወዲያ እኮ ሰላም ብለውኛል!» መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ለሕያው አባቴ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ተባልኩ። «የሌላ ሲሳይ ነው» ብዬ ዋሸሁ። ፎቶህ እዚያው ተገትሮ!

ያን ለታ ስደውልልህ ያልከኝን አልረሳሁም። «ታካብጃለሽ። ይሄ ብራንዲንግ ነው። ጋፋት ቁጭ ብሎ ዌብሳይት የሚያነብ ማን ነው?» እኔ ነኝ! ደረጄ ነው! ኅዳር ሚካኤል ደግሞ ቄስ ዘውገ ናቸው፣ ማኅበርተኛው በሙሉ እየሰማ! ከዚያ ደግሞ የባሰውን ጨመርክ፦ «ሰው የእናት እንባ ይወዳል። አባት ወፍጮ ቤት ተሰለፈ ብትዪው ይስቃል እንጂ አያለቅስም።»

ይኸ ነው እንቅልፍ የነሳኝ። የገደልካቸው ሳያንስ የሠሩትን ሁሉ ወስደህ ለሌላ ሰጠህባቸው። እማዬን እወዳታለሁ፤ ነፍሷን በአጸደ ገነት ያኑርልን። ግን ጠላ ሸጣ አታውቅም፤ እኛን ለማሳደግም ዕድሜ አላገኘችም። ስልቻ ተሸክመው ወፍጮ ቤት የወረዱት አባባ ናቸው። «ሌላ ሚስት አግባ» ሲባሉ «ልጆቼ የእንጀራ እናት ፊት አያዩም» ያሉት አባባ ናቸው። ወንዶቹ ከዛፉ ጥላ ሥር ሆነው «ወይዘሮ ይርጋ፣ ዛሬም ተራ ያዙ?» ሲሏቸው፣ «አዎን፤ እናንተም ልጆቻችሁን ብትወዱ ትይዙ ነበር» ብለው ስልቻቸውን ያስተካክሉ ነበር።

አንተ ግን አትመልስም ነበር፤ ትደባደብ ነበር። ትዝ ይለኛል። ትምህርት ቤት «የወይዘሮ ይርጋ ልጅ» ያለህን ሁሉ ስትደበድብ፣ ስትደበደብ፣ ሸሚዝህ ተቀዶ ስትመጣ። አባባ ሸሚዝህን ሲሰፉልህ መርፌውን ቀምተህ ወረወርከው። ስለዚህ ብራንዲንግ አትበለኝ ጋሼ። ይኸን ለቅድስት ንገራት፣ ለደንበኞችህ ንገራቸው፤ እኔን ግን አትሸውደኝም። ያኔ ያፈርክበትን አባት ዛሬ ሱፍ ለብሰህ ቀበርከው። መድረክ ላይ ቆመህ «ራስህን ተቀበል» እያልክ ሰው ታስተምራለህ። በምን አፍህ?

ዛሬ የራሴን «ስለ እኔ» ጨረስኩት። ቁስል የለበትም። እንዲህ ይላል፦ «ሠርካለም ይርጋ እባላለሁ። አባቴ ጋፋት ገብስ እያጨዱ ነው። በልጅነቴ ጸጉሬን ይሠሩልኝ ነበር፤ ጠማማ ነበር፤ ትምህርት ቤት ግን አንድም ቀን ሳልበጠር አልሄድኩም። ፈተና ወድቀህ ተነስ የሚልህ ካጣህ፣ እኔ ተነሺ የሚል ሰው ምን እንደሚመስል አውቃለሁ።» ሥሩ ላይ የአባባን ፎቶ አደረግሁ። የሚሸጥ ይሁን አይሁን አላውቅም። ካልሸጠም ተመልሼ ሰሌዳው ፊት እቆማለሁ፤ አባቴን ቀብሬ ግን አልነሳም።

ኅዳር ሚካኤል ማለዳ ድረ ገጼን እከፍተዋለሁ። ከአንተም ከእኔም ስም ኋላ አንድ ይርጋ ነው ያለው። እዚያኛው ገጽ የሞተ፣ እዚህኛው ማጭድ የያዘ ይርጋ ሲገኝ ሰው ማንኛችንን እንደሚያምን እናያለን። ማስፈራራቴ ነው፤ አዎ፣ ነው።

ይኸን ሁሉ ጽፌ ልቋጭ ስል ግን የትናንቱን መንገር ግዴታ ሆነብኝ። ጋፋት ሄጄ አባባን ደብዳቤ ልጽፍልህ እንደሆነ ነገርኳቸው። ማጭዳቸውን እየሳሉ ነበር።

«ምን ልትጽፊለት ነው?»

«ሰላምታ።»

«ፊትሽ ሰላምታ አይመስልም።» ማጭዱን በአውራ ጣታቸው ሞከሩ። «አትቆጪው። ያ ልጅ በእኔ ምክንያት ብዙ ተደብድቧል።»

ምን ያህሉ እንደገባቸው አልጠየቅኋቸውም። ጥቂት ሄዱና ዞር አሉ።

«ለማኅበሩ ይነበባል ብያለሁ፤ ቃሌን አላጥፍም። ሲሳይን እንዲህ በይው፦ እስከ ሚካኤል ስልኩ መዝለሉን ይተዋል።»

ከዚያ ወደ ገብሱ ወረዱ።

እሳቸው አትቆጪው ብለውኛል፤ እኔ ግን እንዳየኸው አልታዘዝኩም። ገብሱ ሲወርዱ የሰጡህን ምርቃት ግን ሳልነካ፣ አንድም ቃል ሳልዘል አስተላልፌልሃለሁ፦ «ከፍ በል፣ በሰው ፊት ሞገስ አይንሳህ፣ የምትናገረው ይደመጥ፤ ለመምጣት ስታስብ መንገዱ ይቅናህ።»

አሜን በል።

እህትህ
ሠርካለም፣ የወይዘሮ ይርጋ ልጅ