የጎረቤቴ ሰርግ ሲበላሽ

ዓርብ፣ ጥር 20 ቀን 2008

«ልጁ ጨዋ ነው፤ አባቱ ግን አይቻልም። ልጄ እዚያ ቤት ገብታ ስለ ወጡ ጨው ስትመረመር እንድትኖር አልፈልግም።»

ቃል በቃል ይኸው ነው። የጎረቤታችንን የኦቦ ቶሎሳን ልጅ ለሊሴን ለልጄ ለዳዊት ለመጠየቅ የላክኋቸው ሽማግሌ ኅዳር ላይ ይዘውልኝ የመጡት መልስ። ለብቻዬ ነው የነገሩኝ፤ ፈገግም ብለዋል። የኬሚስትሪ መምህር ነኝ። የጨውን ልክ የምጠይቀው በምክንያት ነው።

ለዳዊት «ዘራችንን አይተው ነው» አልኩት። በዚህ የተቃውሞ ሰሞን ለማመን አይከብድም። አመነኝ። ኦሮምኛውን ከእነሱ በረንዳ ላይ ነው የለመደው።

እሑድ ለሊሴን ከሰበታ ወዲያ ላለች ለተጂ ከተማ ሰው ይድራሉ። ድንኳኑ ከመስኮታችን ፊት ለፊት ተተክሏል። ተንጋዷል።

እሑድ፣ ጥር 22

ሰበታ ላይ መንገዱ በድንጋይ ተዘጋ። የአዲስ አበባው ማስተር ፕላን ቀርቷል ከተባለም ወዲህ ተቃውሞው አልበረደም። ሙሽራው ከነሚዜዎቹ ከዚያ ወዲያ ቀረ። ኦቦ ቶሎሳ በአዲስ ሱፍ በር ላይ ቆመው ይደውላሉ፣ ይዘጋሉ፣ ይደውላሉ። ጥቂት እንግዶች መጥተው ነበር፤ እነሱም መውጣት ጀመሩ።

ደስ አለኝ። እዚህ ካልጻፍኩት የትም አልጽፈውም። ምሳ ሁለቴ አስጨመርኩ። ባለቤቴ «ዛሬ ወጡ ተስማማህ?» አለችኝ።

ዳዊት ጃኬቱን አነሳ። እነ ኦቦ ቶሎሳን ሊያግዝ ነው። «ለናቁህ ሰዎች?» አልኩት። «ጎረቤት ናቸው፣ አባዬ።»

አመሻሽ ላይ ለሊሴ በቬሎዋ ወደ ድንኳኑ ብቅ አለች። ዳዊት ወንበር ያጣጥፍ ነበር። ተያዩ። መጋረጃውን መለስኩት።

ሰኞ፣ ጥር 23

ዳዊት ልብሱን ሻንጣ ውስጥ እየከተተ ነገረኝ። ኦቦ ቶሎሳን በዘር ምክንያት ነው ወይ ብሎ ጠይቋቸዋል። «አንተማ ልጄ ነህ። የፈራሁት አባትህን ነው» ብለውታል።

«ቃል በቃል እንደዚያ አሉ?» አልኩት።

ሳቀ። እንዲህ ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም። «ሁለት ወር ሙሉ ጠላኋቸው፣ አባዬ። በከንቱ።»

ሱሉልታ ጓደኛው ጋ ሄደ።

ረቡዕ፣ ጥር 25

ስልኩን አያነሳልኝም። ኔትወርክ ነው ብዬ ነበር። እናቱ ስትደውል ያነሳል።

ኦቦ ቶሎሳ ቤት ሄድኩ። ለሊሴን ትናንት በሚኒባስ ወስደው፣ ያለ ዘፈን ያለ ሆታ ተጂ አድርሰዋታል። በሰርጉ ማዘኔን ነገርኳቸው። «መምህር፣ መጋረጃህ ስስ ነው» አሉኝ። ቁጣ የለበትም። ተነስቼ ወጣሁ።

ዓርብ፣ ጥር 27

ባለቤቴ ነገ ሱሉልታ ትሄዳለች። ደብዳቤ ጻፍኩ። አንብባ «ለልጅህ ነው ለቀበሌ?» አለችኝ። ቀድጄ እንደገና ጻፍኩት። ያው ሆነ። ሌላ አጻጻፍ አላውቅም።

«ይድረስ ለልጄ ለዳዊት። ኦቦ ቶሎሳ የነገሩህ እውነት ነው፤ እኔ የነገርኩህ ውሸት ነው። ሰርጋቸው ሲበላሽ ደስ ብሎኛል፤ ይህንንም አልክድም። ወደ ቤትህ የምትመለስ ወይም የማትመለስ መሆንህን እስከ ማክሰኞ የካቲት 1 ቀን በጽሑፍ እንድታሳውቀኝ። አልመለስም የምትል ከሆነም፣ በራስህ እጅ ጻፍልኝ።»