ግድግዳው ላይ ያየሽ አባትሽ

ልጄ፣ በያለሽበት ክፉ አይንካሽ፣ የያዝሽው ሁሉ ይቅናሽ። እኛ ደህና ነን፤ ከአባትሽ ዓይን በቀር።

ሰኞ ዕለት ተማሪዎች የሚያመላልስበትን ሚኒባስ ከገዛ በራችን ጋር አላተመው። ደግነቱ ልጆቹን አውርዶ ነበር። ወጥቼ ብጮህበት ዓይኑን በጨው ታጥቦ "በሩ ጠቧል" አይለኝም! ዕድሜ ልኩን የገባበት በር ጠበበ!

እየጎተትኩ የዓይን ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። ሰሌዳው ላይ ያሉትን ፊደሎች አንድም ሳይስት አነበበ። ለካ ወረፋ ስንጠብቅ፣ ከፊቱ የገቡት ሲያነቡ በበሩ እየሰማ ሸምድዷቸዋል! ሐኪሙ ጠርጥሮ ሰሌዳውን ቢቀይርበት፣ ያንኑ ደገመለት። በሐፍረት መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እሱ ግን አሁንም "ዓይኔን ከኔ በላይ ማን ያውቀዋል?" ይላል።

አንቺም አታናድጂኝ! በስልክ "የአባዬ ዓይን እኮ የንስር ነው" እያልሽ ታሞካሽዋለሽ። ለንስርሽ የሰው ልጅ አሳፍሬ አልሰጥም! የመኪናውን ቁልፍ ደብቄዋለሁ። አኩርፎኛል፤ ያኩርፍ።

ትናንት ግን ሶፋው ላይ ቁጭ ብሎ ግድግዳውን እያየ፣ "ልጄ ስትስቅ እንዴት ታምራለች" አለኝ። ፎቶሽን እኮ መስታወቱ ስለተሰነጠቀ ላሠራው አውርጄዋለሁ። እዚያ የተሰቀለው ካላንደር ነው። ሳምንቱን ሙሉ ስጮህ የከረምኩት ሴትዮ ሄጄ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

እኔን አይሰማኝም። እባክሽ የኔ እናት፣ ማሞካሸቱን ትተሽ እውነቱን አንቺ ንገሪው፤ ይታከም። ፈጣሪ በሰላም ያምጣሽ። ስትመጪም ፊትሽን ለማየት ያብቃው።

እናትሽ