ድልድዩ ሲከፈት መሃል ያለ ሰው

ዊልስደን፣ ለንደን
ኅዳር 13 ቀን 1975 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ ለወይዘሮ ሮማንወርቅ፤

እማዬ፣ እንደ ልማዴ ከናፍቆትሽ በቀር ደኅና ነኝ ብዬ ልጀምር ብዕሬን አነሳሁና ተውኩት። ዛሬ እንዲያ ብል ውሸት ይሆናል፤ በእኔና በአንቺ መካከል ደግሞ ውሸቱ በዝቷል። አባዬ ማረፉን ሰምቻለሁ። ከሰማሁ ዛሬ ዘጠነኛ ቀኔ ነው። አይዞሽ፣ ብቻዬን አልሰማሁም፤ ሰው መሃል ሆኜ፣ ደጋፊ ይዞኝ ነው ያለቀስኩት።

ይህን ደብዳቤ በፖስታ አልላክሁትም፤ የምታመጣልሽ ሴት የታመነች ስለሆነች እንደልቤ እጽፋለሁ። አልታየሽ፣ የጎረቤት ልጅ ሆነሽ ይህን ሁሉ ዘመን ለእናቴ አንባቢም ጸሐፊም የሆንሽ፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ። ዛሬ ግን በሩን ዝጊና ቀስ ብለሽ አንብቢላት። ካለቀሰች ጠብቂያት፤ አትዝለይ።

ለምን እንደደበቅሽኝ አውቃለሁ። ልጄ ከሰማ ሐዘን ልቀመጥ ብሎ ይመጣል፣ ከመጣ ደግሞ ከአውሮፕላን ማረፊያው በር አያልፍም ብለሽ ነው። በ68 ከዩኒቨርሲቲ አብረውኝ ከነበሩት ስንቱ እንደቀረ አንቺም እኔም እናውቃለን፤ ስሜ ዛሬም በደርግ መዝገብ አለ። ልምጣ አልምጣ የሚለውን እመልስልሻለሁ። አስቀድሜ ግን እንዴት እንደሰማሁ ልንገርሽ፤ እንደ እኔ መርዶ የተነገረው ሰው ያለ አይመስለኝምና።

ሥራዬን ታውቂያለሽ። ስምንት ሰው በምትይዝ ትንሽ ሚኒባስ ቱሪስት እየጫንኩ ከተማውን አዞራለሁ፤ በአንድ እጄ እየነዳሁ በአንድ እጄ ማይክ ይዤ እለፈልፋለሁ። አባዬ እንደምትጽፈው ከሆነ አፍህ ከሞተሩ ይቀድማል ብሎ ጽፎልኝ ነበር። ግን ለዚህ ሥራ ያበቃኝ እሱ ራሱ ነው። ሠላሳ ዓመት ፖስታ ቤት ተቀምጦ የውጭ ደብዳቤ ሲለይ፣ የሰው ፖስትካርድ ጀርባውን አንብቦ አያውቅም፤ ፊቱን ግን አይቶ አይጠግብም። ማታ ቤት ሲገባ «ዛሬ በእጄ ለንደን አለፈች» ይለን አልነበር? እዚህ ስመጣ ያ ሁሉ ያየው ሥዕል ጥያቄ ሆኖ ተከተለኝ። የሰዓቱ ማማ ደወል ስንት ይመዝናል? ያንን ጉልላት ለመሥራት ስንት ዓመት ፈጀ? እኔም ለእሱ ለመመለስ ስል ስጠይቅ፣ ሳነብ፣ አስጎብኚ ሆኜ ቀረሁ።

ታዲያ አጎቴ ዳኛቸው በጥቅምት ለአቶ ገብረሚካኤል ጽፎላቸዋል። አቶ ገብረሚካኤል አስመራ ፖስታ ቤት ከአባዬ ጋር አብረው የሠሩት ናቸው፤ አሁን ብሪክስተን ይኖራሉ። «ልጁ ሳይሰማ ሙት ዓመቱ እንዳይደርስ» ነው ያለው። እባክሽ አጎቴን አትቆጪው፤ ደግ አደረገ።

የመርዶ ወግ ሰውየው ከቤቱ ሳይወጣ በማለዳ መድረስ ነው። እኔ ደግሞ እሑድ እሑድ ጎህ ሳይቀድ እወጣለሁ። አቶ ገብረሚካኤል ሰዎች ይዘው ሁለት እሑድ በዚያ ብርድ ዊልስደን ድረስ መጥተው፣ አከራዬ «ወጥቷል» እያለች መለሰቻቸው። በስልክ አይነገር ነገር። በመጨረሻ ጓደኛዬ ኪዳኔ ዘዴ አመጣ፤ ወደ መሥሪያ ቤቴ ደውሎ ለስድስት ሰው መኪናዋን አስያዘ። ሲሳፈሩ ወደ ብሪክስተን ንዳ ሊሉኝ፣ እዚያ ቤት ተዘጋጅቶ፣ ሰው ተሰብስቦ ሊነግሩኝ ነበር ያሰቡት።

እኔን ግን ታውቂኛለሽ። ቪክቶሪያ ጣቢያ አጠገብ ቆሜ ቱሪስት ስጠብቅ የሀገሬ ሰዎች ተሰልፈው ሲመጡ አየሁ፤ ደስታዬ ልክ አጣ።

«ዛሬ ገና አከበራችሁኝ!» አልኳቸው። «ኪዳኔ፣ ከሃክኒ ተነስተህ ለንደንን ልታይ መጣህ?»

«እ... አዎ፣ ቡክ አድርጌ ነበር» አለ፤ ዓይኔን ግን አላየኝም።

«ልጄ፣ በቀጥታ ወደ እኛ ቤት ብንሄድ አይሻልም?» አሉ አቶ ገብረሚካኤል።

«ቱሩን ሳይጨርሱ የት ይሄዳሉ! ይልቅ እርስዎ ከፊት ይቀመጡ።»

አምስት ዓመት ለቱሪስት በእንግሊዝኛ ስለፈልፍ በአማርኛ ተናግሬው አላውቅም ነበር። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ በራሴ ቋንቋ ስናገር አፌ አልያዝ አለኝ። ለአባዬ የጻፍኩለትን ሁሉ ደገምኩላቸው። ደወሉ አሥራ ሦስት ቶን ተኩል ይመዝናል ስል ወይዘሮ ትበርህ፣ የአቶ ገብረሚካኤል ባለቤት፣ «እግዚኦ!» አሉ። ለደወሉ መስሎኝ ደስ አለኝ። ከካፖርታቸው ሥር የነጠላቸው ጥለት ወደ አንገታቸው ዞሮ ነበር። አይቼዋለሁ እኮ እማዬ! አይቼ ከቅዳሴ መጥተው ይሆናል ብዬ አለፍኩት። ሰው መስማት ያልፈለገውን ዓይኑም አያይለትም።

ታወር የሚሉት የጥንት ምሽግ ስንደርስ፣ እዚያ ስለሚጠበቁት ቁራዎች ነገርኳቸው። እንዳይበሩ ክንፋቸው ይከረከማል፤ እነሱ ጥለው ከሄዱ መንግሥቱ ይወድቃል የሚል አፈ ታሪክ አለ። «እንዲያውም አባቴ በሐምሌ በጻፈልኝ ደብዳቤ፣ መብረር ካልቻሉ ክረምቱን የት ይጠለላሉ ብሎ ጠይቆኛል» አልኩ።

«መቼ አልክ?» አለ ኪዳኔ ከኋላ።

«በሐምሌ። ደብዳቤው ቤቴ አለ።»

ትልቁ ድልድይ ጋ ስንደርስ ቀይ መብራት በራ፤ ድልድዩ መሃሉ ተሰንጥቆ ለመርከብ ሊከፈት ነው። ብዙ ጊዜ የማይገኝ ነገር ስለሆነ ሞተሩን አጥፍቼ «እዩ፣ ዕድለኞች ናችሁ!» አልኩና በመስታወቱ ወደ ኋላ አየሁ።

ቱሪስት ሁልጊዜ በመስኮት ነው የሚያየው። እነሱ ግን አንዳቸውም ድልድዩን አያዩም። አምስቱም የሚያዩት የእኔን ማጅራት ነው። ወይዘሮ ትበርህ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘዋል።

ማይኩን አስቀመጥኩት። «አቶ ገብረሚካኤል፣ አባቴ ነው?»

«መጀመሪያ ቁልፉን ስጠኝ፣ ልጄ» አሉኝ።

መልሱ ይኸው ነበር። ቁልፉን ሰጠኋቸው። ኪዳኔ መጥቶ በእኔ ቦታ ተቀመጠ፤ እኔ ወደ ኋላ ሄጄ ወይዘሮ ትበርህ አጠገብ ተቀመጥኩ። ድልድዩ እስኪገጥም ጠበቅን።

ብሪክስተን ቤቱ ሙሉ ሰው ነበር። በወጉ ነገሩኝ፤ እኔም ጮኼ አለቀስኩ። ከላይ ያሉት ጎረቤቶች ወለሉን ሲደበድቡ አቶ ገብረሚካኤል ወጥተው «ሐዘን ነው» አሏቸው፤ ዝም አሉ። ማታ ላይ ነው መቼ እንዳረፈ የጠየቅሁት። «በመጋቢት» አሉኝ።

በመጋቢት! ታዲያ ከሚያዝያ ወዲህ የመጡት ደብዳቤዎች? እጁ ስለሚንቀጠቀጥ አልታየሽ ትጽፍለታለች፣ አባትህ ግን እንደወትሮው ይጠይቅሃል ያልሽኝስ?

ቤቴ ስገባ ሁሉንም አውጥቼ አልጋዬ ላይ ዘረጋኋቸው። እንዴት ሳላስተውል ቀረሁ! አባዬ ስንት ነው፣ መቼ ነው፣ ማን ሠራው ነበር የሚለው። ከሚያዝያ ወዲህ ያሉት ሌላ ናቸው። ያን ሁሉ የቤተ መንግሥት መስኮት የሚወለውለው ማን ነው? በር ላይ የሚቆመው ወታደር እናቱ መጥታ ብታየው ይስቅላታል? ቁራዎቹ ክረምቱን የት ይጠለላሉ? አባዬ እርጅና ልቡን አለሰለሰው ብዬ ለኪዳኔ ሳይቀር አንብቤለታለሁ። ለካ አንቺ ነሽ። አባዬ ስለ ለንደን ሲያወራ አንቺ ልብስ እየተኮስሽ ዝም ትይ ነበር፤ እኔም የሚያምርሽ ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር። ሠላሳ ዓመት አብረሽው ስትሰሚ ኖረሽ፣ ለመጠየቅ እሱ መሞት ነበረበት? ባልሽን በሆድሽ ቀብረሽ፣ ልጄ እንዳይጠረጥር ብለሽ በሱ አፍ ስትጠይቂ፣ ያን ጊዜ እንዴት አድርገሽ ድምፅሽን እንደያዝሽው አልታየሽ ትወቀው።

አሁን መልሴን ስሚ። አልመጣም፣ እማዬ። ሦስት ቀን እመጣለሁ ብዬ ሻንጣዬን ሳወርድ ሳወጣ ቆየሁ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ፈራሁ። ብያዝ ሁለተኛ ሐዘን ትቀመጫለሽ እንጂ የመጀመሪያው አይቀልልሽም እያልኩ ራሴን አባብላለሁ። የአባቱን አፈር ያላለበሰ ልጅ ግን በምን ይጽናናል? ይቅር በይኝ። መቃብሩ ላይ ስትሄጂ መርዕድ ፈርቶ ቀረ በይው፤ እሱ ይገባዋል።

አንድ ነገር ግን ቃል ግቢልኝ። ከእንግዲህ «አባትህ ይጠይቅሃል» እንዳትይኝ። «እኔ ሮማንወርቅ ልጠይቅህ» በይኝ። መስኮቱንም፣ ወታደሩንም፣ የፈለግሽውን ሁሉ። አባዬ ያየው ፊቱን ነው፤ ጀርባውን ለአንቺ እጽፍልሻለሁ።

የአባዬን ነፍስ በደጋጎቹ አጠገብ ያኑርልን፤ አንቺን ከነጤናሽ ያቆይልኝ፤ አልታየሽን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልኝ። እዚህ ላይ እጄ እንደ ልማዱ «አባዬን ሳሚልኝ» ሊል ነበር። ትራሱን ሳሚልኝ።

ልጅሽ
መርዕድ ዘውዴ

ልረሳው ነበር። የመስከረሙን ጥያቄሽን፣ ምን ዓይነት ጥያቄ ነው ብዬ ስቄ ሳልመልስ አቆይቼዋለሁ። ድልድዩ ሲከፈት መሃል ላይ ያለ ሰው ምን ይሆናል ነበር ያልሽው። መጀመሪያ ደወል ይደወላል፤ በወዲህም በወዲያም በኩል መዝጊያው ይዘጋል። ማንም መሃል አለመቅረቱ ሳይታይ አይከፈትም። ሰው ሁሉ በየዳሩ ቆሞ መርከቧ እስክታልፍ ይጠብቃል። ከዚያ መልሶ ይገጥማል። አምስት ዓመት ሳየው ተከፍቶ የቀረበትን ቀን አላየሁም። አንቺ ብቻ ቆዪልኝ።