ጾሙ ካለፈ በኋላ

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 6

«ጾም ነበር» አልኳት ነርሷን። ሌላ ምን ልበላት? የመጨረሻ ልጄን የምታህል ናት። የፕሮስቴት ካንሰር ቀዶ ጥገና የተደረገለት ወንድ ሁሉ ይጠየቃል ብላ ወረቀቷን ታነባለች። ባለፉት አራት ሳምንታት ግንኙነት ሞክረዋል? ጾም ነበር። ብልትዎ ለግንኙነት የሚበቃ ጥንካሬ ነበረው? ጾም ነበር።

«አባቴ፣ ጠዋት ሲነቁስ? እሱ እኮ ጾም አያውቅም» አለች። ከአንድ እስከ አምስት ቁጥር ይስጡት አለች ደግሞ። ዕድሜዬን ሙሉ ወፍጮ ቤት የሰው እህል ስመዝን ኖሬ፣ ዛሬ እኔው ሚዛን ላይ ወጣሁ። በሩ ገርበብ ብሏል፤ ከአንበሳሜ የመጡ የሚያውቁኝ ሰዎች ደጃፉ ላይ ተሰልፈዋል።

«አራት» አልኳት። ውሸት። አንድ እንኳ አይሞላም። እሷም ጻፈችው፤ «በጣም ጥሩ ነው» ብላ መድኃኒት ሳትሰጠኝ ሸኘችኝ። የእጄን አገኘሁ።

ረቡዕ

እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። መሸሸጊያዬ አለቀ። ኅዳር ላይ ከተቀደድኩ ወዲህ መደብ ላይ ነው የምተኛው። መጀመሪያ ቁስሉ ይነካብኛል አልኩ። ቁስሉ ሲደርቅ ነነዌ ገባ፣ ከዚያ ዐቢይ ጾም። አሁን ምን ልበል?

ሽንቱም ያመልጠኛል። ጨርቅ አደርጋለሁ። እንጉዳይ እንዳታይብኝ ራሴ አጥቤ ወፍጮ ቤቱ ጀርባ አሰጣዋለሁ። ሚስቴ ናት፤ ከሷ የምደብቀው ነገር ኖሮ አያውቅም ነበር።

ማታ ዶሮውን አቀረበችና «ይብሉ እንጂ» አለችኝ። ይብሉ። ከሠርጋችን ማግስት ጀምሮ አንተ ስትለኝ የኖረች ሴት። ገብቷታል ማለት ነው፤ ወንድነቴ እንደሄደ አውቃ ነው የምታሾፍብኝ። ሳልበላ እጄን ታጠብኩ።

ሐሙስ

አሁንም አንቱ። «ይቀመጡ፣ ጋቢዎን ይልበሱ።» ቀጥላ ደግሞ «የነፍስ አባታችንን አነጋገሩ ወይ?» አለችኝ።

«ይህን ምን ብዬ ነው ለቄስ የምነግረው!» ብዬ ጮኽኩባት። ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ወጣች። እኔም ወፍጮ ቤት ሄጄ ድንጋዩን አጥብቄው ኖሮ የአንዲት ሴትዮ ጤፍ ተቃጠለብኝ። ሰደበችኝ። ይገባኛል።

ዓርብ

አንቱ። ቀኑን ሙሉ አንቱ። ቤቴ ውስጥ እንግዳ ሆንኩ።

ቅዳሜ

ዛሬ አላስቻላትም። ከመደቡ ጫፍ ቁጭ አለችና «የሚመነኩሱ ከሆነ ፊት ለፊት ይንገሩኝ» አለች።

ማን? እኔ?

«መደብ ላይ ይተኛሉ፤ ጾሙ አልፎም ገላዎን ይሸሽጉኛል፤ ልብስዎን ራስዎ ያጥባሉ። ቆብ ሊጭኑ ነው ብዬ ነው። ለመነኩሴ አንተ አይባልም። ምላሴን እያለማመድኩት ነበር።»

እኔ በውርደቴ ስብሰለሰል እሷ ለካ ባሏን እየተሰናበተች ነበር። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ነገርኳት። እሱ ነገር ሞቷል አልኳት። ጨርቁንም ነገርኳት። ለነርሷ አራት ብዬ መዋሸቴንም።

ያለቀሰች መስሎኝ ዞር ስል ነጠላዋን ነክሳ ትስቃለች።

«አራት? ድሮስ አራት ነበር?»

እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ግን አለቀስኩ፤ አልደብቅም። «ተነስ ወደ አልጋህ ና፣ አንተ ደረቅ» አለችኝ። ሄድኩ። ምንም አልሆነም፤ ጀርባዬን አቅፋ ተኛች።

እሑድ፣ ዳግም ትንሣኤ

ነገ አብረን ሐኪም ቤት እንሄዳለን ብላለች። እንጉዳይ አጠገቤ ቁጭ ብላ፣ ያቺ ልጅ እየሰማች፣ አንድ ልል ነው። ከአሁኑ ፊቴ ይግላል። መድኃኒቱ ይሥራ አይሥራ ማን ያውቃል።

ጠዋት ጨርቄን አጥባ ግቢው መሀል ገመዱ ላይ ከቀሚሷ ጎን አሰጣችው። ጎረቤት ያየዋል አልኳት።

«ይየው። አንተ ምን ቸገረህ» አለችኝ።

አንተ አለችኝ።