የላባ ዝንቦቼን የሚነካካ ሰው

መስከረም 28
ወንዙ ጠርቷል። ከጎረቤቴ ከፀጉር አስተካካዩ ጋር ወረድን። እሱ ሁለት ዓሣ፣ እኔ አንድ። መንጠቆውን ከዓሣው አፍ ሳወጣ የላባ ዝንቤ እንዳዲስ ነው፤ አንድ ክር አልተነቃነቀም። ጎበዝ አልኩ ራሴን። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ እችላለሁ የምለው ይሄንን ብቻ ነው... መንጠቆ ላይ ላባና ክር ጠምጥሞ ዓሣ የሚያታልል ዝንብ መሥራት።

አንድ ነገር ግን አልጣመኝም። ዝንቡን ከዘንጉ ክር ጋር ልቋጥር ስል፣ "ጋሼ ይስጡኝ፣ እኔ ልቋጥርልዎ" ይላል። ሁልጊዜ። እጄ ተቆርጧል እንዴ?

ጥቅምት 2
ሣጥኑ ውስጥ ቡናማዎቹ ዝንቦች ቦታ ቀይረዋል። እኔ ጭራቸውን ወደኔ አድርጌ ነው የምደረድረው። ሚስቴን ጠየቅኳት።

"መንጠቆህን ምን ላደርግበት? ልወጋበት?" አለች። ቀጥላ ደግሞ፣ "ዓይንህን ግን ብትታይ..."

መጣች እንግዲህ። ባለፈው ስታነሳው ሳምንት ሙሉ አኩርፌያታለሁ፤ አልበቃትም? ዓይኔ ደህና ነው። የዘንድሮ ክር ነው የወፈረው።

ጥቅምት 5
ዝንቦቹን መስኮት ሥር አውጥቼ አየኋቸው። አምረዋል። እኔ ከሠራኋቸው በላይ አምረዋል... ይሄ ራሱ ያጠራጥራል። ፀጉር አስተካካዩ የኔን ወስዶ የሱቅ ዝንብ ተክቶብኝ ይሆን? በቀደም ቤት መጥቶ ሣጥኑ አጠገብ ነበር የተቀመጠው። ወንበር ጠፍቶ ነው?

ጥቅምት 9
ወንዝ። ዓሣው ዛሬ ተርቧል መሰለኝ፣ ወርውሬ ሳልጨርስ ነው የሚይዘው። "እጅዎ ይባረክ ጋሼ" አለኝ ፀጉር አስተካካዩ፤ ዓይኑ ግን ቦት ጫማው ላይ ነው። ይሄ ሰው ማስመሰል አያውቅም። መመለጤን እንኳ መስታወት ፊት አስቀምጦ ነው ያረዳኝ። ታዲያ ዛሬ ምን አንገቱን አስደፋው?

ጥቅምት 12
ከገበያ ስመለስ ሁለቱ በር ላይ ቆመዋል። እሱና ሚስቴ። ትንሽ ፌስታል ሲያቀብላት፣ "ጋሼ እንዳያዩ ብቻ፣ እትዬ" ሲል ሰማሁ።

"ምንድን ነው?"

"ክር ነው" አለች። "ልብስ ልጥፍበት።"

ፀጉር አስተካካይ ክር ማደል የጀመረው ከመቼ ወዲህ ነው? ራት አልበላ አለኝ። ይሄን ሁሉ ዘመን አብረን ኖረን... አይ፣ አይሆንም። ታዲያ ምን ይንሾካሾካሉ? ልቤ ክፉ አሰበ። አፈርኩ። ማሰቡን ግን አልተወም።

ጥቅምት 13
ሣጥኑን ቆለፍኩ። ቁልፉን አንገቴ ላይ አንጠለጠልኩ። መንጠቆ በምትይዝልኝ ትንሿ ሞርሳ ላይ ጎንበስ ብዬ አዳዲስ ዝንቦች ስሠራ ዋልኩ። እስቲ አሁን ይንኳቸው።

ሚስቴ ቁልፉን አይታ "ወርቅ አገኘህ?" አለች። ስትቀልድ እንደምትስቀው አልሳቀችም።

ጥቅምት 16
ለማንም ሳልናገር ብቻዬን ወረድኩ። የመንጠቆው ቀዳዳ እምቢ አለኝ... ክሩን ወዲህ ስለው ወዲያ። እንደ ምንም ገባ። በምራቄ አርሼ አጠበቅኩት። ወረወርኩ። ክሩ ከኋላዬ ተዘርግቶ ጥሩ አድርጎ ወደፊት ሄደ። ስስበው ግን ባዶ መንጠቆ ነው። ላባውን ወንዙ ወስዶታል። ሁለተኛውም እንደዚያው። ሦስተኛውን ዓሣ ያዘውና አንዴ ተፈራግጦ አመለጠ፤ ለኔ የተረፈኝ የተፈታ ክር ነው።

ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ባርኔጣዬ ላይ ካለፈው የቀረ ቡናማ ዝንብ ተሰክቷል። እሱን አሰርኩት። ዓሣ አወጣ፣ ደግሞ ሌላ... አልተፈታም። ማጉያ መነጽሬን አውጥቼ አየሁት። እኔ ክር የምጠመጥመው ከራሴ ወዲያ ነው። ይሄ በተቃራኒው ዞሯል። በግራ እጅ የተሠራ ነው። ፀጉር አስተካካዩ ደግሞ መቀስ የሚይዘው በቀኙ ነው።

ግራኟ ያለችው ቤቴ ነው።

ጥቅምት 17
ፀጉር ቤት ሄድኩ። ዝንቡን መዳፌ ላይ አድርጌ አሳየሁት። ቶሎ ብሎ በሩን ዘጋ።

"ከክረምቱ በፊት ነው ጋሼ። ዝንቦችዎ ውሃ ላይ ይፈቱ ጀመር፤ እርስዎ ድንጋይ ነካው ይሉ ነበር። ለእትዬ ነገርኳቸው። እርስዎ ከምሳ በኋላ ሲያሸልቡ እሳቸው እየፈቱ እንደገና ያስሩልዎታል።"

"ለምን አትነግሩኝም?"

"ወንዝ መውረዱን ከተወ ቤት ውስጥ ይሞትብኛል አሉ።"

ስለጠረጠርኩት ነገር ይቅርታ ልለው ፈለግኩ፣ አፌ እምቢ አለ። ፀጉሬን አስቆረጥኩ። የሚቆረጥ ነገር ባይኖርም።

ጥቅምት 20
ሚስቴን "ተነሺ፣ ዓይን ሐኪም ጋ እንሂድ" አልኳት። ምንም ሳትጠይቅ ነጠላዋን አነሳች። ሐኪሟ ቆይታ አየችኝ። "መነጽር ለመንገድ ይረዳዎታል። ለጥቃቅን ሥራ ግን..." አልጨረሰችውም። ከፋኝ። እንደ ልጅ ነው የከፋኝ።

ቤት ስንገባ ሞርሳዋን ፈትቼ ለግራ እጅ እንድትመች አድርጌ አዞርኳት። ቁልፉን ከአንገቴ አውልቄ ሣጥኑ ላይ ተውኩት። ሚስቴ ከጓዳ ስትወጣ ሞርሳዋን አየች።

"ማን አዞራት?"

"እኔ።"

በእጇ ጀርባ ዓይኗን ጠረገች። ከዚያ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

"እንግዲያው ላባውን አንተ ምረጥልኝ። እኔ መምረጡን አላውቅበትም።"

አንድ በአንድ ዳሰስኳቸው። የሚለሰልሰውን አወጣሁ።

"ቡናማ ነው?" አልኳት።

"ቡናማ ነው" አለች።

አመንኳት።