በክንብንብ ስር ሆነው እንግሊዝኛ ያስተማሩት የወይዘሮ ሱሎቻና ፓራሻር የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ሱሎቻና ፓራሻር ከአባታቸው ከአቶ ቢሃሪላል ቲዋሪና ከእናታቸው ከወይዘሮ ራምካሊ፣ በሕንድ አገር በናርሲንግፑር አውራጃ ናርማዳ ወንዝ ዳር ባለች መንደር እ.ኤ.አ. በ1947 ተወለዱ። አባታቸው የባቡር ጣቢያ ትኬት ሻጭ ነበሩ።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በመንደሩ ትምህርት ቤት በሂንዲ ተማሩ። የእንግሊዝኛን ፊደል ያዩት ስድስተኛ ክፍል ሲገቡ ቢሆንም ሰዋስውን እንደ ውሃ ጠጡት። በ1964 ወደ ጀበልፑር ከተማ መጥተው ኮሌጅ ሲገቡ ግን በየመስመሩ ከማያውቁት ቃል ጋር መላተም ሆነ። ከመዝገበ ቃላት ቢሸመድዱ ጠዋት የያዙት ማታ ይጠፋል። በኋላ ለተማሪዎቻቸው ይሉ እንደነበረው፣ ዘመድ የሌለው ቃል አያድርም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ከባድ ቃል ከሚያውቁት ሰው መካከል ዘመድ ፈለጉለት። ለ"ለፍላፊ" የጣቢያውን ፀጉር አስተካካይ፣ ለ"ነገረኛ" የገዛ አክስታቸውን ሰጡ። ከዚያ ወዲህ ቃል አልጠፋባቸውም። አክስትየዋም ይህን ሳይሰሙ በሰላም አርፈዋል።

በ1968 ከውሃ መሥሪያ ቤት ሠራተኛው ከአቶ ዴቭኪናንዳን ፓራሻር ጋር ትዳር መሥርተው ወንድ ልጃቸውን ኒራንጃንንና ሴት ልጃቸውን ቪብሃን አፈሩ። ትዳራቸው የሰመረ ነበር። አቶ ዴቭኪናንዳን ሚስታቸው ሥራ ሲበዛባቸው ቻፓቲ የሚባለውን ቂጣ ራሳቸው ይጋግሩ ነበር፤ ታዲያ ጎረቤት እንዳያይ በሩን ዘግተው ነው።

የሰፈሩ ልጃገረዶች ለባንክና ለመንግሥት ሥራ ሲፈተኑ ሌላውን ሁሉ አልፈው በእንግሊዝኛ ቃላት ይወድቁ ነበር። ይህ ያንገበገባቸው ወይዘሮ ሱሎቻና በ1973 ከባለቤታቸው ወላጆች ጋር በሚኖሩበት ቤት በረንዳ ላይ ለማስተማር ፈቃድ ጠየቁ። የቤቱ አዛዥ አማታቸው አቶ ሻምቡዳያል ነበሩ፤ ጡረታ የወጡ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ሲሆኑ ሰፈሩ ሁሉ በአክብሮት ባቡጂ ይላቸዋል። በቤቱ ወግ ምራት በባሏ አባት ፊት ፊቷን ትሸፍናለች፣ በቀጥታም አታናግራቸውም። ጥያቄውም መልሱም የተመላለሰው በባቡጂ ባለቤት በወይዘሮ ጃንኪባይ በኩል ነው። ባቡጂ ፈቀዱ፤ የመጀመሪያው ስሞታ በመጣ ቀን ግን ትምህርቱ ያበቃል አሉ። ቃላቸው አይታጠፍም።

በረንዳው ደግሞ የባቡጂ መቀመጫ ነበር። ከወንበራቸው ንቅንቅ ስላላሉ፣ ወይዘሮ ሱሎቻና የሳሪ ልብሳቸውን ጫፍ እስከ አገጫቸው ስበው፣ ለየቃሉ ዘመድ እየሰጡ አስተማሩ። ተማሪዎቹ የሚያውቁት ድምፃቸውን ብቻ ነበር። ባቡጂ ጋዜጣ የሚያነቡ መስለው አንዲት ቃል ሳታመልጣቸው ያዳምጡና፣ በራት ሰዓት የዛሬው ምሳሌ እንዳልጣማቸው ለምራታቸው እንዲነገር ያዝዛሉ። ወይዘሮ ጃንኪባይ አንድ ቃል እንግሊዝኛ ሳያውቁ የእንግሊዝኛ አስተርጓሚ ሆነው ኖሩ።

የተፈራው አልቀረም። የ"ስስታም"ን ከባድ እንግሊዝኛ ልጆቹ የያዙት በጣፋጭ ሻጩ በአቶ ማንጊላል ነበርና፣ ወሬው ጆሯቸው ገባ። ሁለት ሽማግሌ አስከትለው በረንዳው ድረስ መጡ። በዲዋሊ በዓል ለዚህ ቤት ላዱ የሚባለውን ጣፋጭ የላኩ ሰው እንዴት ስስታም ይባላሉ ሲሉ ከሰሱ። ላዱው ከለውዝ ፍሬ እንደማይበልጥ ወይዘሮ ጃንኪባይ ከጓዳ ሆነው አስታወሱ። ይህም ነገሩን አላበረደውም።

ስሞታው መጥቷል። ልጃገረዶቹ ደብተራቸውን መሰብሰብ ጀመሩ፤ ከመካከላቸው በሚቀጥለው ሳምንት የሚፈተኑ ነበሩ። በዚህ ጊዜ ባቡጂ ጋዜጣቸውን አጥፈው፣ በቤቱ ታሪክ ተሰምቶ በማያውቅ ሁኔታ ወደ ምራታቸው ዞሩ።

"ልጄ፣ ለእኔስ የትኛውን ቃል ሰጠሽኝ?"

ወይዘሮ ሱሎቻና አንድ የሚያስደስት ቃል ጣል አድርገው ማምለጥ ይችሉ ነበር። ነገር ግን እውነተኛውን ቃል ተማሪዎቹ ሁሉ ያውቁታል፤ በፊታቸው ከዋሹ ከዚያ በኋላ ምን አስተማሪ ይሆናሉ?

"አዳማንት" አሉ ከክንብንባቸው ስር። "አንዴ ካሉ ወዲያ የማይመለሱ፣ ግትር ማለት ነው፣ ባቡጂ።"

ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት አዩ። ባቡጂ ግን እንዲህ አሉ።

"ስሞታ በመጣ ቀን ይቆማል ብዬ ነበር። ዛሬ ባቆመው ቃሉ እኔ ላይ ተጣብቆ ሊቀር ነው። ሌላ ቃል እስክትሰጪኝ ድረስ አስተምሪ።"

አቶ ማንጊላልም ብልህ ነጋዴ ነበሩና በማግሥቱ አንድ ትሪ ሙሉ ጃሌቢ የሚባል ጣፋጭ ላኩ፤ "ስስታም" ለሌላ ሰው ተላለፈ።

ከዚያ ወዲህ በረንዳው ባዶ ሆኖ አያውቅም። ከዚያ የወጡ ሴቶች ዛሬ በባንክ፣ በፍርድ ቤትና በየትምህርት ቤቱ አሉ። ባቡጂ በ1986 ሊያርፉ ጥቂት ሲቀራቸው፣ የተሰጣቸው ቃል ተለውጦ እንደሆነ በባለቤታቸው በኩል አስጠየቁ። ወይዘሮ ሱሎቻና ከተለወጠ ዓመታት እንዳለፉ፣ ልጆቹ "ልበ ሰፊ" የሚለውን ቃል በእሳቸው እንደሚማሩ፣ ለመናገር ግን አፍረው እንደቆዩ መለሱ። አዛውንቱ ይህን ሰምተው አለቀሱ።

ክንብንቡን ግን አንሺው ሳይሉ ነው ያረፉት። ወይዘሮ ሱሎቻና ፊታቸውን ገልጠው ያስተማሩት ከእሳቸው ሞት በኋላ ነበር፤ ለዓመታት የተማሩ ሴቶች የመምህራቸውን መልክ ያኔ አዩ። ልጃቸው ኒራንጃን በ1999 ወይዘሮ አርፒታን ሲያገባ፣ ሙሽሪት በመጀመሪያው ጠዋት በማስተማሩ ልታግዝ ተከናንባ ወደ በረንዳው ወጣች። ወይዘሮ ሱሎቻና ክንብንቧን በገዛ እጃቸው አነሱት።

"ልጆቹ አፍሽን ይዩ" አሏት። "እኔን ሳያዩ ነው የተማሩት። ባቡጂን እወዳቸው ነበር፤ ይህ ግን ይቆጨኛል።"

ወይዘሮ ሱሎቻና በኩላሊት ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ እስከ መጨረሻው ወር አልጋቸው ላይ ሆነው ሲያስተምሩ ኖረው፣ ኖቬምበር 12 ቀን 2022 በተወለዱ በ75 ዓመታቸው በቤተሰባቸው መካከል አረፉ። አስከሬናቸው በሂንዱ ሥርዓት ተቃጥሎ አመዱ እንደ ፈቃዳቸው ለናርማዳ ወንዝ ተሰጥቷል። ባለቤታቸው አቶ ዴቭኪናንዳን፣ ልጆቻቸው ኒራንጃንና ቪብሃ፣ ምራታቸው ወይዘሮ አርፒታ፣ የልጅ ልጆቻቸውና ተማሪዎቻቸው በሕይወት አሉ።

ናርማዳ አመዳቸውን እንደተቀበለች ፈጣሪ ነፍሳቸውን በደስታ ይቀበል፤ እኛንም ያጽናን። የአሥራ ሦስት ቀኑ ሐዘን ዛሬ ያበቃል። ነገ ጠዋት በረንዳው ላይ ትምህርት አለ፤ ወይዘሮ አርፒታ ፊታቸውን ገልጠው ያስተምራሉ።